የእማዬ ስኳር፣ አንድ ዓመት በሰፈራችን ጤና ጣቢያ

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጫማዋን ማስወለቅ ነው።

እማዬ ስኳር ካለባት 11 ዓመት ሆኗታል። ደም ግፊቱ ከዚያም በፊት ነበረ። በእነዚህ ዓመታት በሄድንባቸው ክሊኒኮች ሁሉ ጣቷ ተወግቷል፣ ክንዷ ታስሮ ግፊቷ ተለክቷል። እግሯን አገላብጦ ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ስንገባ ሲስተሯ ካርዷን አንብባ ሳትጨርስ "እማማ፣ ጫማዎንና ካልሲዎን ያውልቁልኝ" አለቻት። እማዬ ደነገጠች። "ኧረ ልጄ፣ በአቧራ ነው የመጣሁት" አለች። "አቧራው ችግር የለውም እማማ፣ እኔ የምፈልገው ቁስል ነው።"

ቁስል ተገኘ። በትንሿ ጣትና በአጠገቧ ባለችው መካከል፣ ሽምብራ የምታህል። እማዬ አላወቀችም፣ እኔም አላወቅኩም። ከዚያ ሲስተሯ ቀጭን የናይለን ክር የመሰለ ነገር አወጣች፣ እማዬን ዓይኗን አስጨፈነቻት፣ "ሲነካዎት አዎ ይበሉኝ" አለቻት፣ እግሯን እዚህም እዚያም ትነካካ ጀመር። ግራ እግሯ አውራ ጣት ሥር ሦስት ጊዜ ነካቻት። እማዬ ዝም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ክሩ ቆዳዋ ላይ ሲጎብጥ እያየሁ ነው፣ እሷ ምንም አልተሰማትም።

አክስቴ፣ የእማዬ ታላቅ እህት፣ እግሯ የተቆረጠው እንዲህ ካለች ትንሽ ቁስል ተነስቶ ነው። ስለዚህ ለእኛ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ግምገማ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለም። ጤና ጣቢያው በባጃጅ ይደረሳል። ስሙን አልጽፍም፣ ምክንያቱም ያስደሰተኝን ብቻ ሳይሆን ያበሳጨኝንም ስለምናገር ባለሙያዎቹ ላይ ጣት እንዲቀሰር አልፈልግም። ከዚያ በፊት እንሄድበት የነበረውን የግል ክሊኒክም ስም አልጠራም።

መጀመሪያ በምን እንደምመዝን ልንገራችሁ። ድሮ ሕክምና ቤትን የምመዝነው ብዙዎቻችን በምንመዝንበት ነበር። ንጹሕ ነው ወይ፣ ወረፋው ረጅም ነው ወይ፣ ዶክተሩ ስፔሻሊስት ነው ወይ። አሁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። እማዬ ምን ተሻላት? ያ እንዲሆን ጠቅላላ ስንት አወጣን? የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ማካፈል ነው። ሐሳቡን እኔ አላመነጨሁትም። የሃርቫርዱ ማይክል ፖርተርና ኤልሳቤጥ ታይስበርግ የተባሉ ምሁር እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ የጻፉት ነው። ሕክምና መለካት ያለበት ስንት ሰው ታየ፣ ስንት ምርመራ ተሠራ በሚለው አይደለም፤ ለታማሚው ትርጉም ያለው ውጤት ምን ያህል ተገኘ፣ ለዚያም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስንት ወጣ በሚለው ነው ይላሉ። በአማርኛ አንዳንዶች "እሴት ተኮር ሕክምና" ይሉታል። እኔ "ፋይዳ" የሚለው ቃል ይቀለኛል። እናቶቻችን "ታዲያ ምን ፋይዳ አለው?" ብለው የሚጠይቁት ይህንኑ ነውና።

ትርጉም ያለው ውጤት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ታማሚው ነው። እማዬን ጠየቅኳት። ስትተኛ ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እንዳትነሳ ትፈልጋለች። እሑድ ቆማ ማስቀደስ ትፈልጋለች። አራተኛ ፎቅ በየፎቁ ሳትቀመጥ መውጣት። እና እግሯ እንደ እህቷ እንዳይሆን። ስኳሯ ስንት ይሁን የሚለውን ቁጥር አንዴም አላነሳችውም። ቁጥሩ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፣ ያስፈልጋል፣ ግን ቁጥሩ የሚያስፈልገው ለእነዚህ አራት ነገሮች ብሎ ነው።

አሁን ወደ ግል ክሊኒኩ። 2016ን ሙሉ እዚያ ነበርን። ሶፋው ጥሩ ነው፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ሰዎቹ ትሑት ናቸው፣ ከ30 ደቂቃ በላይ አንጠብቅም። በዓመት አምስት ጊዜ ሄድን። በእያንዳንዱ ጊዜ ረጅም የላብራቶሪ ዝርዝር ይታዘዝልናል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ለምን እንደሆነ ያልገባኝ አልትራሳውንድ ተነሳች። ስኳሯ አልወርድ ሲል ኢንሱሊኑን ይጨምሩላታል። በሚቀጥለውም አልወረደም፣ ይጨምሩላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሲያልቅ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ፣ ኤ ዋን ሲ የሚሉት፣ 10.4 ሆኖ ተገኘ። ለብዙ አዋቂ ሰው የሚፈለገው ከ7 በታች ነው።

ጤና ጣቢያው ችግሩን ያገኘው ለላብራቶሪ አንድም ሳንከፍል ነው። እግሯን ካየች በኋላ ሲስተሯ "መርፌውን የት ነው የሚወጉት?" ብላ ጠየቀቻት። እማዬ እምብርቷ አጠገብ አሳየቻት። ሁሌ እዚያው ነው፣ እዚያ አያማትም። ሲስተሯ በጣቷ ዳሰሰችው፣ እኔንም አስዳሰሰችኝ። ከቆዳው ሥር እንደ ጎማ ጠጠር ያለ እብጠት አለ። አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲወጋ ስቡ እንደዚያ ያብጣል፣ እዚያ የገባ ኢንሱሊን ደግሞ በደንብ ወደ ደም አይሄድም፤ የማያማትም ለዚሁ ነው፣ ቦታው ደንዝዟል። አንድ ዓመት ሙሉ መጠኑን ስንጨምር የነበረው በማይሠራ ቦታ ላይ ነው!

እዚህ ላይ ሲስተሯ ያደረገችውን ጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ፣ እቤታቸው ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያላቸው ይጠቅማቸዋል። "ከነገ ጀምሮ ሌላ ቦታ ይውጉ" ብላ አላሰናበተችንም። በጤነኛ ቦታ ሲወጋ ያው መጠን በድንገት ሊበዛባትና ስኳሯ ሊወርድ ስለሚችል ጤና መኮንኑን እዚያው ጠርታ መጠኑን አስቀነሰችው። የሆድን ግራና ቀኝ፣ ጭንን፣ በየሳምንቱ እንዴት እንደምናዘዋውር በወረቀት ላይ ሥላ ሰጠችን። ላብ ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ልቧ ከመታ ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጠን እንድናጠጣት ነገረችን። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በስልኳ ደወለች። "እማማ እንዴት አደሩ? ስንት ለካችሁ?" ለስልኩ የሚከፍላት ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ ብልህ ሰው ብቻ ነው እንዳትሉ፣ አሠራሩም ረድቷታል። እዚህ ጤና ጣቢያ የስኳርና የግፊት ታማሚዎች የራሳቸው ክፍልና የራሳቸው ቀን አላቸው፣ ማክሰኞና ሐሙስ። ሲስተሯ፣ ጤና መኮንኑ፣ መድኃኒት የምታድለው ልጅ፣ ሦስቱም ያው ሰዎች ናቸው፣ ታማሚውን በስሙ ያውቁታል፣ ሲቸግራቸው ጠቅላላ ሐኪሙን ይጠሩታል። ፖርተር ከሐኪሙ ቶማስ ሊ ጋር ሆነው እንደ ፈረንጆቹ በ2013 በጻፉት ላይ መጀመሪያ የሚያስቀምጡት ይህንኑ ነው፤ ሕክምናን በዶክተሩ ሙያ ሳይሆን በታማሚው ችግር ዙሪያ አደራጁት፣ ለዚያ ችግር አንድ ቡድን ኃላፊ ይሁን። ጀርመን አገር ሃምቡርግ ውስጥ ማርቲኒ ክሊኒክ የሚባል ለፕሮስቴት ካንሰር ብቻ የቆመ ሆስፒታል አለ፣ ቡድኑ ሌላ ሥራ የለውም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ታማሚዎቹን ሽንት ይቆጣጠራሉ ወይ፣ የትዳር ሕይወታቸው እንዴት ነው ብሎ እየጠየቀ መልሱን ይመዘግባል። እኛ ጋ አንዲት ክፍል፣ ሁለት ወንበርና አንድ ሚዛን ነው ያለው። ግን ሐሳቡ አንድ ነው። ያው ሰው ደጋግሞ ሲያይህ ያለፈው ወር ምን እንደነበርክ ያስታውሳል።

በዓቢይ ጾም ይህ ጎልቶ ታየኝ። እማዬ ጾም አትፈታም፣ ማንም ይለምናት። የድሮው ክሊኒክ "እንዳይጾሙ" ብሎ ያልፋል፣ እሷ "እሺ" ብላ ወጥታ ትጾማለች፣ ኢንሱሊኗን ግን እንደ ፍስክ ቀን ትወጋለች፣ አንዴ በዚህ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ወድቃለች። እዚህ ሲስተሯ የካቲት ሳይገባ ነው የጠየቀቻት። "እማማ፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት? እኔ ባልስማማ እንኳ እንዳይደብቁኝ።" ንስሐ አባቷን እንድታነጋግር መከረቻት፣ ንስሐ አባቷም እስከ 6 ሰዓት ፈቀዱላት፣ ከዚያ የመርፌው ሰዓትና መጠን በዚያው ልክ ተስተካከለ። ሽሮና ምስር ስትበላ እንጀራውን በምን ያህል ትቀንስ የሚለው ሳይቀር ተነገራት። ጾሙን ጨረሰች። አንድም ቀን አልወደቀችም።

መብራቱም አለ። እኛ ሰፈር መብራት ከጠፋ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፣ የተከፈተው ብልቃጥ ግን ፀሐይና ሙቀት ካላገኘው ውጪም አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ይህን ስለማናውቅ መብራት በጠፋ ቁጥር እንጨነቅ ነበር፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ ፍሪዘር ውስጥ ከተነው በረዶ ሆኖ ተበላሸብን። ሲስተሯ ሁለት የሸክላ ዕቃ፣ አንዱን ባንዱ ውስጥ፣ መሐሉን እርጥብ አሸዋ አድርጋችሁ ክደኑት አለችን። አደረግነው። ይሠራል።

አሁን ወጪውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው "የመንግሥት ነው፣ ርካሽ ነው" ብሎ ያልፋል፣ ያ ብቻ ደግሞ እውነት አይደለም። ሱቅ ስለማንቀሳቀስ ደብተር መያዝ ልማዴ ነው። በ2016 የግል ክሊኒኩ እንዲህ ወጣብን። ለካርድና ለሐኪም በአምስቱ ጊዜ 3,000 ብር፣ ለላብራቶሪ 12,000፣ ለመድኃኒት በዓመቱ 17,400፣ ለራይድ 2,000። ድምሩ 34,400 ብር። በ2017 ጤና ጣቢያው ደግሞ፣ የጤና መድህን መዋጮው ለእማዬ የጨመርኩትን ጨምሮ፣ ባጃጁም ተደምሮ 2,900፤ ውጪ ላሠራነው ሁለት የኤ ዋን ሲ ምርመራ 2,600፤ ጤና ጣቢያው ጠፍቶ ውጪ ለገዛነው መድኃኒት 7,600። ድምሩ 13,100 ብር።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን ደብተሬ ላይ ሌላም ዓምድ አለ፣ ጊዜ የሚል። ክሊኒኩ አምስት ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት በየወሩ ስለሚሰጥ 12 ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፣ የመጀመሪያው ጭራሽ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ነበር። ሱቄ ተዘግቶ ማለት ነው። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ይህን ያህል ፈቃድ ከየት ያመጣል? ስኳሯ የተስተካከለ ታማሚ መድኃኒቱን የሁለት ወይም የሦስት ወር ቢሰጠው ወረፋው ራሱ ይቀንስ ነበር። ለኃላፊው ነግሬዋለሁ፣ "መድኃኒቱ በበቂ ሲመጣ እናደርገዋለን" ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ የሌለውን ከየት ይሰጣል። ግን የአስታማሚም ቀን ወጪ ነው፣ መቆጠር አለበት።

ውጤቱስ? ኤ ዋን ሲ ከ10.4 በስድስት ወር 8.6፣ በዓመቱ 7.9 ሆነ። ወደ 7 ለምን አልወረደም ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ጤና መኮንኑ ለ68 ዓመት እናት፣ ስኳሯ ድንገት ወርዶ ለምታውቅ ሰው፣ ከ8 በታች ይበቃናል፣ ከዚያ በላይ ብንጫን ትወድቅብናለች አለኝ። ቁስሉ በአምስት ሳምንት ዳነ። ሌሊት የምትነሳው አንድ ጊዜ ነው። ቆማ ታስቀድሳለች፣ መቋሚያዋን ተደግፋ፣ እስከ መጨረሻው። ደረጃው ላይ አሁንም በየፎቁ ታርፋለች፣ ይህ አልተሻሻለም፣ ጉልበቷ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በእኔ ደብተር ነው የተጻፈው፣ በጤና ጣቢያው አይደለም። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ክፍሉ ግድግዳ ላይ በየወሩ የሚሞላ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ስንት ሰው መጣ፣ ስንት አዲስ፣ ስንት ነባር። ስንቱ ሰው ስኳሩ ተስተካከለ፣ የስንቱ እግር ታየ፣ ስንቱ ቆሰለ የሚል ዓምድ የለውም። ያቺ ሲስተር በዓመቱ ያዳነችውን እግር የሚያሳይ አንድም መስመር የለም። እሷ ተቀይራ ሌላ ጋ ብትሄድ ቀጣዩ ሰው ጫማ ያስወልቅ አያስወልቅ ማንም አይጠይቅም። ውጤት ሲለካ እኮ ባለሙያውን ለመቅጣት ብቻ አይደለም፣ የደከመውንም ለማየት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ኢኮም የሚባል ድርጅት የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ ለእያንዳንዱ በሽታ ታማሚዎችም ሐኪሞችም የተስማሙበት፣ በየአገሩ አንድ ዓይነት የሆነ የውጤት መለኪያ ለማዘጋጀት። ስዊድን ደግሞ የዳሌ አጥንት የተቀየረላቸውን ሰዎች እንደ ፈረንጆቹ ከ1979 ጀምሮ በአገር አቀፍ መዝገብ ትከታተላለች፣ የትኛው ሰው ሠራሽ ዳሌ ቶሎ እንደሚበላሽ የሚያውቁት በዚያ ነው። ለእኛ ጤና ጣቢያ ግን ለጊዜው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይበቃል።

ክፍያው ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ሥሩ እዚያ ስላለ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አገራችን ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ እከፍላለሁ፣ ከዚያ ካርድም ምርመራም እዚያ ያለ መድኃኒትም ሳልከፍል አገኛለሁ። ለእኔ በጣም ጥሩ ነው፣ እያንዳንዱን ቀጠሮ በገንዘብ ሳልፈራ እንድሄድ አድርጎኛል። ጤና ጣቢያው ግን ከመድህኑ ገንዘብ የሚያገኘው ባብዛኛው በሰጠው አገልግሎት ልክ እየቆጠረ ነው፣ ይህን ያህል ካርድ፣ ይህን ያህል ምርመራ፣ ይህን ያህል መድኃኒት። የግል ክሊኒኩም እንደዚያው እኔን ያስከፍለኛል። በሁለቱም መንገድ እግር ማየት ገንዘብ የለውም። ሦስተኛው ቀን ላይ መደወል ገንዘብ የለውም። አልትራሳውንድ ግን አለው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ገንዘቡ የሚጠራቸው ወደዚያ ነው።

ሌላ ጋ ይህን ለመለወጥ ሞክረዋል። የስዊድኗ ስቶክሆልም እንደ ፈረንጆቹ በ2009 የዳሌና የጉልበት ቀዶ ሕክምናን በአንድ ጥቅል ዋጋ መክፈል ጀመረች፤ ምርመራው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ክትትሉ ሁሉ ባንድ ዋጋ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከቀዶ ሕክምናው የመጣ ችግር ከተፈጠረ የሚያስተካክለው ሆስፒታሉ ራሱ በዚያው ገንዘብ። ኔዘርላንድስ ደግሞ ለስኳር፣ ለእኛው በሽታ ማለት ነው፣ መድህኖቹ ለአንድ ቡድን የአንድ ታማሚን የዓመት መሠረታዊ ክትትል ባንድ ላይ እንዲከፍሉ አደረገች፣ የእግር ምርመራውም፣ የዓይኑም፣ የምግብ ምክሩም ውስጡ አለ። እንዲህ ሲሆን ሲስተሯ እግር ማየቷ ትርፍ ሥራ ሳይሆን ዋናው ሥራ ይሆናል።

ገንዘብ ማያያዙ ብቻውን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምሥራቅ አፍሪካዊቷ ሩዋንዳ ጤና ጣቢያዎቿን በሥራቸው ልክ ስትከፍል እንደ ፈረንጆቹ በ2011 የወጣ ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ23 በመቶ እንደጨመሩ አሳይቷል፣ ትልቅ ነገር ነው፤ አራቱንም የእርግዝና ክትትል የጨረሱት ግን አልጨመሩም። ብሩ የደረሰበት ይንቀሳቀሳል፣ ያልደረሰበት ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ምን እንደሚቆጠር ከታማሚዎቹ ጋር ተማክሮ መወሰን አለበት። እማዬን ቢጠይቋት እንቅልፍ ትላለች።

ከሁሉ የባሰው የሪፈሩ ነገር ነው። 11 ዓመት ስኳር ያለባት ሴት ዓይኗ በየዓመቱ መታየት አለበት፣ ጤና ጣቢያው መሣሪያው የለውም፣ ስለዚህ ለሆስፒታል ሪፈር ጻፉልን። መድህኑም የሚሸፍነው በዚህ መንገድ ስንሄድ ነው፣ በቀጥታ ሆስፒታል ብንሄድ ከኪሳችን ነው። ይህ አሠራር ልክ ነው፣ ሁሉም ሆስፒታል ቢጎርፍ ማን ይታያል። ግን ሪፈሩ ወረቀት ነው። ሆስፒታሉ ለአራት ወር ቀጠረን። በአራተኛው ወር ስንሄድ የጤና ጣቢያው ወረቀት ጊዜው አልፏል፣ አሳድሱ ተባልን። ተመልሰን አሳደስን። በመጨረሻ ዓይኗ ታየ፣ መነካካት ጀምሯል፣ ከስድስት ወር በኋላ ይደገም አሉ። ለጤና ጣቢያው የጻፉት መልስ የለም። ጤና መኮንኑ ውጤቱን የሰማው ከእኔ አፍ ነው፣ እኔ ደግሞ ሐኪሙ በፍጥነት ያለኝን በስልኬ ጽፌ ነው የያዝኩት። የእማዬን ዓይን ሁኔታ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ያጓጓዝኩት እኔ፣ እስክሪብቶና ደብተር የምሸጥ ሴት ነኝ። ተሳስቼ ብሆንስ?

ጤና ጣቢያው ኮምፒውተር አለው። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ነው። "ሲስተም የለም" ሲባል ሁሉም ወደ ካርዱ ይመለሳል፣ ካርዱ ሲጠፋ ደግሞ አዲስ ይወጣል፣ የእማዬ አንዴ ጠፍቶ አዲሱ ላይ ስለ እግሯ ምንም አልነበረም። እኔ ራሴ ደብተሬን ይዤ ስላልተለየሁ ነው የዳንነው።

ላብራቶሪው ጥሩ ቀን አለው መጥፎ ቀን አለው። በዓመቱ ውስጥ የኩላሊት ምርመራ ሁለት ጊዜ "ሪኤጀንት አልቋል"፣ የመመርመሪያው ኬሚካል ማለት ነው፣ ተብለናል። የስኳሩ ሜትፎርሚንና የግፊቱ ኢናላፕሪል ባብዛኛው አለ፤ ሌላው የግፊት መድኃኒት አምሎዲፒን ለሦስት ወር ጠፍቶ ነበር፣ ኢንሱሊኑም ሁለት ጊዜ። ጠፍቷል የሚል ማኅተም ተመትቶበት ውል ያለው መድኃኒት ቤት ይላካል፣ እዚያም ካልተገኘ ከኪስ ነው። የ7,600 ብሩ ምክንያት ይህ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም፣ የስኳር ታማሚ ለሚሰበሰብበት ቦታ ይህ በጣም ከባድ ነው፣ አስቡበት።

ስለ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ላንሳ። ፕሮግራሙ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ሲጀመር በአብዛኛው ስለ እናቶችና ሕፃናት፣ ስለ ክትባትና ስለ ንጽሕና ነበር። እኛ ሕንፃ የመጣችው ልጅ ግን ግፊት መለኪያ ይዛ ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ እማዬን ለክታ፣ ጎረቤታችንንም "እትዬ፣ እርስዎም ይቀመጡ ልለካዎት" አለቻቸው። የእሳቸው 170 በ100 ሆኖ ተገኘ፣ አንድም ቀን ተለክተው አያውቁም። አሁን ከእኛ ጋር ማክሰኞ ማክሰኞ በአንድ ባጃጅ ነው የሚሄዱት።

ከአምስት ስንት ትሰጫለሽ ካላችሁኝ፣ ለቡድኑ አምስት፣ ለመድኃኒት አቅርቦቱ ሁለት ተኩል፣ ከሆስፒታል ጋር ላለው ግንኙነት አንድ። አማካዩን አላወጣም፣ አማካዩ ሦስቱንም ይደብቃልና። ወደ ግሉ ክሊኒክ ትመለሻለሽ ወይ ከሆነ ጥያቄው፣ አልመለስም። ቸኩዬ ለጉንፋን ልሄድ እችላለሁ። ለስኳር አልሄድም።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ማክሰኞ ይሻላል፣ ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ይጨናነቃል። ከ2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ስኳሩ በባዶ ሆድ ስለሚለካ ቁርስ ይዛችሁላቸው ሂዱና ከተለካ በኋላ እዚያው ይብሉ፣ ኢንሱሊኑንም ያኔ ይውጉ። ውሃም ያዙ። የመድህን ደብተሩ መታደሱን ከሳምንት በፊት ወረዳ ሄዳችሁ አረጋግጡ፣ እኛ አንዴ በዚህ ተመልሰናል። ሆስፒታል ከተላካችሁ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን በአክብሮት "ለጤና ጣቢያችን ሁለት መስመር ይጻፉልን" በሉት። እኛ በሚቀጥለው የዓይን ቀጠሮ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ይህንኑ ልንለው ነው። ወረቀቱንም እኔ አዘጋጅቼ እወስዳለሁ።